ያልተቆፈረው መሠረት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤ እንኳ አልጻፍኩም፤ የራቀ ሰው ሲናፍቀኝ ስልክ እደውላለሁ፣ እሱንም ቶሎ እዘጋዋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት ስቆም የማውቀው ቃል ሁሉ ይጠፋብኛል። ወረቀት ግን አያየኝም። ስለዚህ እሞክራለሁ፤ የተዛነፈ ነገር ካለ አንባቢ ይለፈኝ።

ለመጻፍ ያስነሳኝ ሽታ ነው። ልብስ ከምሰፋበት ሱቅ ጎን ፎቅ ሊሠሩ መሬቱን ቆፍረውታል። ሰፈራችን ጥቁር አፈር ነው። ባለፈው ዝናብ ሲጥል አድሮ ጠዋት ሱቄን ስከፍት የተገለበጠው ዋልካ ሽታ ቀድሞኝ ገብቶ ጠበቀኝ። እርጥብ ብረት ይመስላል፣ የበሰበሰ ሣር ይመስላል፣ ትንሽ ደግሞ ዓሣ ዓሣ ይላል። መቀሱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልብሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛዬ "አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። አላመመኝም። ጁባ ሄጄ ነበር።

ልጅ እያለሁ እዚያ ነበርን። የሱዳን ሰላም ከተፈረመ በኋላ አባቶቻቸው ሥራ ፍለጋ የወረዱ፣ እነሱም ተከትለው የሄዱ ልጆች ብዙ ነን፤ ይህን የሚያነብ ከእኛ መሃል ቢኖር ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። ቀኑን ሙሉ የሚያጓራውን ጄነሬተር፣ የኒም ዛፉን ጥላ፣ ማንጎ ሲበስል መንገዱን ሁሉ የሚሞላውን ጣፋጭ ሽታ ያውቀዋል። በበጋ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመር ማስመር አያስፈልገንም ነበር። ጥቁሩ አፈር ራሱ ተሰነጣጥቆ መደብ መደብ ይሠራልን ነበርና በስንጥቁ ላይ እየዘለልን እንጫወታለን። ጠጠራችን ስንጥቁ ውስጥ ከገባ አይወጣም። "ናይል ወሰደው" ብለን ሌላ እንፈልጋለን። ያ አፈር በዝናብ ጊዜ ምን እንደሚሆን ግን ለጨዋታ የሚሆን ነገር አይደለም።

አባቴ ደምሴ ግንበኛ ነው። ጎጃም ተወልዶ አዲስ አበባ ሙያ ለምዶ፣ ጁባ ደግሞ የሐበሾችን ሆቴል ሲሠራ ነበር። እናቴ በቆርቆሮ በተከለለች ቤት ምግብ ትሸጣለች። እኔ ሁለቱም የማይችሉትን አንድ ነገር እችል ነበር፤ የጁባ ዓረብኛ። ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት ሳላውቀው ገባብኝ። ስለዚህ ያቺ በራሷ ጉዳይ አፏን የማትከፍት ልጅ የቤተሰቡ አፍ ሆነች። የሰው ነገር ሲሆን አልፈራም ነበር። ቃሉ የኔ አይደለማ።

የምንኖረው ማንጋቴን የሚባል የጁባ ሰፈር አጠገብ በኪራይ ክፍል ነበር። ወለሏ አፈር ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው በበር አይገባም፣ ከታች ነው የሚወጣው። ምንጣፉን ስናነሳ መሬቱ እንደ ሰው ያልበዋል። አንድ ወንድሜ እዚያ ክፍል ውስጥ ተወለደ። ደረቱ አልጸናም፤ ሲያስል ሲያስል ክርስትና ሳይነሳ ሞተ። ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ቀበሩት፣ አባቴም እንጨት ተከለበት። ዝናቡ ሲያበቃ ሦስታችንም ሄድን። እንጨቱ የለም። ጉብታው የለም። ሣር ብቻ ነው። እናቴ ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ ተመለሰች፣ ከዚያ አባቴን "የቱ ጋ ቆሜ ላልቅስ?" አለችው። ሳታለቅስ ተመለሰች። ያ ያልወጣ እንባ ከእኛ ጋር ለብዙ ጊዜ ኖረ።

በሚቀጥለው በጋ እንደገና አረገዘች። ደስ ይበላት አይበላት አላውቅም፤ አንድ ቀን ግን ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ደምሴ፣ ይሄን ልጅ እርጥብ ላይ አላስተኛውም" አለች። "ዝናብ ሳይመጣ ደረቅ ወለል ካላገኘሁ ሰብለን ይዤ አገሬ እገባለሁ። አንተ ሥራህን ሥራ።" ሰብለ እኔ ነኝ። አባቴ ፊቱን በመዳፉ አበሰና "ገና ጥር ነው እኮ፤ እስከ ሰኔ ስንት ቤት ይሠራል!" አላት። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዷንና ሰማዩን እያፈራረቅኩ አይ ነበር። ወይ ቤት እናገኛለን፣ ወይ አባቴን ጥለን እንሄዳለን።

እዚያ አገር የእኛ ሰው መሬት አይገዛም፤ በውል ነው የሚይዘው። በሰው ቦታ ላይ በራስህ ወጪ ትሠራለህ፣ የተስማማህበትን ዓመት ትኖራለህ፣ ከዚያ ከነቤቱ ለባለ ቦታው ታስረክባለህ። አባቴ ማንጋቴን ጫፍ ላይ፣ የዝናብ ውሃ ከሚወርድበት ቦይ ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ባዶ ግቢ አገኘ። የግቢው ባለቤት ሀቦባ ኪዴን የሚባሉ፣ የባሪ ጎሳ አሮጊት ናቸው። ሀቦባ አያት ማለት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ቤታቸው ፈርሶ፣ ያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ባለው ረጃፍ ወንድማቸው ዘንድ ይኖሩ ነበር፤ በገበያ ቀን ደረቅ ዓሣ በሳፋ ተሸክመው በጭነት መኪና ይመጣሉ። ቀጭን ናቸው፣ ረጅም ናቸው፣ ሲናገሩ አይቸኩሉም። ለውሉ ሲስማሙ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። "ቢኒያ" ይሉኛል፣ ልጅቷ ማለታቸው ነው።

ግቢው ሜዳ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ብቻ ከፍ ያለች ጉብታ አለች። አባቴ ገና ሲያያት ወደዳት። "ውሃ ቢመጣ እዚህ አይደርስም" አለና በነጋታው ችካል ተክሎ ሲባጎ ወጠረባት። ሀቦባ ኪዴን በገበያ ቀን ሲመጡ አዩት። ሳፋቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ችካሎቹን አንድ በአንድ ነቀሉ፣ ሲባጎውን በሥርዓት ጠቀለሉ፣ አምጥተውም አባቴ እግር ሥር አስቀመጡት። ከዚያ ዝቅ ወዳለው መሬት በአገጫቸው አመለከቱ።

"ምን አሉ?" አለኝ አባቴ።

"እዚህ የለም፣ እዚያ አሉ።"

"ለምን?"

ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። "ዝም አሉ" አልኩት።

አባቴ ተናደደ፤ ግን ለትልቅ ሰው አፍ አይመልስም። ሀቦባ ሄደው ጉብታዋ ላይ መሬት ተቀመጡ፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ አንድ መዳፋቸውን አፈሩ ላይ አሳርፈው። እናቴ ወንበር ላከችላቸው፤ አመሰግናለሁ ብለው ወንበሩን ለሳፋቸው ሰጡት። በየገበያው ቀን እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እኛ ድካም መስሎን።

አባቴ ዝቅ ያለው መሬት ላይ መቆፈር ጀመረ። የተወለደበት አገርም ጥቁር አፈር ነው። እዚያ ግን ክንድ ያህል ስትቆፍር ነጭ ድንጋይ ታገኛለህ፣ ከድንጋዩ ላይ ግንብህን ታነሳለህ፤ ከአባቱ የተማረው ይህን ነው። "ወንጌሉም ቤትህን ዓለት ላይ ሥራ ነው የሚለው" ይል ነበር። ጥር ላይ አፈሩ እንደ ብረት ነው፤ ዲጂኖው ሲያርፍበት ይጮሃል፣ ሠራተኞቹም ይሳደባሉ። ከዚያ ጥቁሩ አለፈና ግራጫ መጣ፣ ከግራጫው ቀጥሎ እንደ ሊጥ የሚሳብ ነገር መጣ። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ በዲጂኖ ይመታና ጆሮውን ያዘነብላል። የድንጋይ ድምፅ ነው የሚጠብቀው። የሚሰማው ግን ሰው በጡጫ ትራስ ሲመታ ያለው ድምፅ ነው። "ትንሽ ነው የቀረን፤ ዓለት የሌለው አገር የለም" ይላል። ያን ያህል ሲወርድ ከላይ ያለውን ደረቁን ጠንካራ አፈር እየጣለ ወደ ለስላሳው እየገባ መሆኑን ማንም አልነገረው። እኔም ራሴ የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ጁባ ታውን ሱቅ ያለው፣ ሲሚንቶና ፌሮ የሚያመጣልን ሁሴን የሚባል የወሎ ሰው ነበር። ሲመጣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ያያል።

"አንተ ደምሴ፣ ቤት ነው የውሃ ጉድጓድ?"

"ዝም ብለህ ሲሚንቶህን አውርድ።"

"አወርዳለሁ። ግን ካርቱም ስትደርስ ጩኽልኝ፣ እዚያ ዘመድ አለኝ።"

ሠራተኞቹ ሲስቁ አባቴም ይስቅ ነበር። አንድ ጠዋት ግን የጉድጓዱ ወለል ላብ አለበት። በነጋታው ላቡ ኩሬ ሆነ። በባልዲ ቢቀዱት ሌላ ይተካል። ሁሴን የዚያን ቀን "ዓሣ ልታረባ ነው?" ብሎ ጀምሮ የአባቴን ፊት ሲያይ ተወው።

መጋቢት ላይ ዘነበ። አባቴ "በልግ ነው፣ ያልፋል" አለ። ሐበሻ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወርን በአገራችን ሰማይ እንቆጥራለን፤ ክረምት በሰኔ ካልሆነ አይገባም ብለን። እዚያ ግን ዝናቡ አንዴ ከጀመረ እስከ መስከረም ማዶ አይለቅም። በልግ ነው ያለው አላለፈም። የጉድጓዱ ግድግዳ በየቀኑ ይናዳል። ውሃው ሳይብስ ብሎ ድንጋይ ከታች ደረደረ፤ ጠዋት የደረደረው ማታ የለም፣ ጭቃው ውጦታል። ልጅ ሆኜ የፈራሁት ነገር ቢኖር ያን ነው። ድንጋይ ወድቆ ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ሲጠፋ ማየት። እናቴ ይህን ሁሉ ታያለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የኔን ልብስና የእሷን ለይታ እያጠፈች በሻንጣ ስትከት አየኋት። አባቴም አይቷታል። ወጥቶ በር ላይ ተቀመጠ።

በገበያው ቀን ካፊያ ነበር። ሀቦባ ኪዴን እንደ ልማዳቸው ጆንያ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ጉብታዋ ላይ ተቀመጡ። እናቴ የሠራተኞቹን ምሳ ይዛ መጥታ ቆማ ስታያቸው ቆየች። ሳህኑን አስቀመጠችና "ሰብለ፣ ተከተዪኝ" አለችኝ። ሆዷን ይዛ በጭንቅ ዝቅ ብላ እርጥቡ ሣር ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች።

"ማን እንደሆነ ጠይቂልኝ።"

"ማን ማን?"

"እዚህ ያለው። ማን እንደሆነ ጠይቂልኝ።"

ምን እንዳለች አልገባኝም፤ ግን ጠየቅኳቸው። ሀቦባ ወደ እናቴ ዞር አሉ። ከዚያ "ዋኒ" አሉ። "ልጄ ነው። የመጨረሻዬ።"

ቀስ እያሉ ነገሩን፤ እኔም ቀስ እያልኩ አሻገርኩት። በጦርነቱ ጊዜ ከተማዋ ተዘግታ ነበር። ዳር ዳሩ ፈንጂ የተቀበረበት ስለነበር ዘመዶቻቸው ወዳረፉበት ወደ ረጃፍ ሬሳ ይዞ የሚወጣ የለም። ልጃቸው በወባ ሞተ፣ በዝናብ ጊዜ። እነሱ ዘንድ የሞተ ሰው ቤቱ አጠገብ፣ ግቢው ውስጥ ይቀበራል። ሀቦባ ግቢያቸውን ዞረው ዞረው ውሃ የማይደርስበትን አንድ ቦታ መረጡለት። እናቴ "ለምን ምልክት አላደረጉበትም?" ብላ አስጠየቀችኝ። "ምልክት ካየ ወታደሩ መሣሪያ የተቀበረ መስሎት ይቆፍረዋል ብዬ" አሉ። "እኔ አውቀዋለሁ። ይበቃል።"

ከዚያ እናቴ የእሷን ነገረች። ከሞተ ጀምሮ ስለ ሕፃኑ ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እርጥብ ወለል ላይ እንደተኛ፣ ሳሉን፣ ሜዳውን፣ የጠፋውን እንጨት። ሁለቱም እኔን አያዩም። እርስ በርስ እየተያዩ ነበር፤ ቃሉ ብቻ በእኔ በኩል ያልፋል። ሀቦባ "አሁን የት ነው ያለው?" አሉ። እናቴ "አላውቀውም" አለች። እኔ ሳልተረጉመው ገባቸው መሰለኝ። የእናቴን እጅ ያዙና፣ የእሳቸው መዳፍ አርፎበት በነበረው ቦታ፣ ዘርግተው አፈሩ ላይ አስቀመጡት። እናቴ አለቀሰች። ያ ሜዳ ላይ ያላወጣችውን እዚያ አወጣችው፤ በሌላ እናት ልጅ መቃብር ላይ። ካፊያው ወደ ዝናብ ሲለወጥ እንኳ አልተነሱም። አባቴ ከሩቅ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሲያይ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ሀቦባ ዓሣ አልያዙም። ቀጥታ ሄደው ከአባቴ ዕቃ መሃል ችካሎቹን አነሱ፣ ጉብታዋ ላይ ወጡ፣ በድንጋይ እየመቱ ራሳቸው ተከሉአቸው። ጠማማ ነበር አተካከሉ።

አባቴ ደነገጠ። "ሰብለ፣ አልችልም በያቸው። ክርስቲያን ነኝ። ሰው ባረፈበት ላይ ዶማ አላነሳም።"

እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ "ማን ዶማ አንሳ አለህ?" አለችው።

"ታዲያ መሠረቱስ?"

"አትቆፍራ። ከላይ ሥራው።"

"ሳይቆፈር? ቤት ነው እኮ የምሠራው!"

"ወለል ነው ያልኩህ ደምሴ። ጉድጓድ አላልኩህም።"

ለግንበኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መሠረት ያልቆፈረ ግንበኛ፣ ሰው ፊት እንዴት ይቆማል? ሁሴን ሲሰማ "ድንኳን በለው እንጂ! ነፋስ እንዳይወስደው ገመድ ላምጣልህ?" አለው። አባቴ አልሳቀም። የዚያን ቀን ሥራ አልሠራም፤ ጉብታዋን ዙሪያዋን ሲዞራት ዋለ፣ ሀቦባ ያኔ ቦታ ሲፈልጉ እንደዞሩት ሳይሆን አይቀርም። ሲመሽ ለእናቴ "ሣሩን በእጅ እናጭደዋለን፤ ሥሩን አንነካም" አላት። እናቴ ሻንጣውን ከፍታ አንድ ቀሚስ አወጣች።

ያንን ሥራ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ድንጋይ ከጀበሉ፣ ከተራራው ማለት ነው፣ በመኪና መጣ። አባቴ ሠራተኞቹን "አትወርውሩ! አስቀምጡ!" እያለ ይቆጣቸዋል፤ እነሱም እንቁላል እንደያዘ ሰው አንድ በአንድ ያኖራሉ። ከድንጋዩ ላይ ቀይ ገረጋንቲ ተደፋ፣ እዚያ ሙረም ይሉታል። ትንሽ ይደፋል፣ ይረጠባል፣ ይጠቀጠቃል፣ እንደገና ይደፋል። መጠቅጠቁን በከባድ እንጨት ሊያደርገው ነበር፤ ሀቦባ እጃቸውን አነሱ። "በእግር" አሉ። ጫማችንን አውልቀን እኔ፣ ሠራተኞቹ፣ ሀቦባም ጭምር፣ ቀዩን አፈር ረገጥነው። ሀቦባ ሲረግጡ ከጉሮሯቸው የሚወጣ ዝቅ ያለ ዜማ ነበራቸው፤ ቃሉ የባሪ ስለነበር አልገባኝም። ማንም እንዲተረጎምለት አልጠየቀኝም።

ከዚያ አባቴ ፌሮውን እንደ መረብ አሰረና ወለሉን በሙሉ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀን ሞላው። "ትሪ ነው የሠራሁት" አለ፣ ትንሽ እያፈረ። "መሬቱ ቢንቀሳቀስም ትሪው አብሮ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይሰበርም።" ለግድግዳው የተገዛውን ብሎኬት አልተጠቀመበትም። "ልጁ ላይ ከባድ ነገር አልጭንም" ብሎ በእንጨትና በቆርቆሮ አቆመው፤ ብሎኬቱን ሁሴን እያጉረመረመ መልሶ ጫነው።

ዝናቡ ጠንክሮ ሲመጣ ግቢው ሁሉ ውሃ ሆነ፤ ጉብታዋ ብቻ ቤታችንን ይዛ እንደ ደሴት ቀረች። ያ አባቴ ዓለት የፈለገበት ጉድጓድ የእንቁራሪት ኩሬ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ከመኝታዬ ስነሳ መጀመሪያ መዳፌን ወለሉ ላይ አደርጋለሁ። ደረቅ ነው። ዞር ስል እናቴም እንደኔው መዳፏን አስቀምጣ አገኛታለሁ፤ እንተያያለን።

ምጧ የመጣው አንድ ከሰዓት ነው። መንገዱ በውሃ ተቆርጦ ነበር፤ ሀቦባ ኪዴን ደግሞ በዝናቡ ምክንያት ወደ ረጃፍ መመለስ አቅቷቸው እኛ ጋ ነበሩ። የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። አባቴ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ በቆርቆሮው ስንጥቅ "ሰብለ፣ ምን አሉ? ምን አሉ?" ይለኛል። ምንም የሚተረጎም ነገር አልነበረም። ሕፃኑ ሲጮህ ሁላችንም ያለ አስተርጓሚ ተረዳን። እናቴ ካሣሁን አለችው። ሀቦባ አጥበው፣ ጠቅልለው፣ ለእናቴ ከመስጠታቸው በፊት ለአንድ አፍታ ባዶው ወለል ላይ አስተኙት። ለምን እንደሆነ አላስረዱም።

ቤቱ እንከን አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። በበጋ አፈሩ ሲኮማተር ወለሉ ትንሽ ወደ በሩ አዘነበለ፤ ብይ ስንጫወት ብያችን ሁልጊዜ ወደዚያው ይንከባለላል። አልተሰነጠቀም ግን። ሁሴንም ለመጋዘኑ "ያንን ትሪህን ሥራልኝ" ብሎ መጣ፤ አባቴ "ገመድህን ይዘህ ና" አለው። ካሣሁን እዚያ ዳኸ፣ እዚያ ቆመ፣ እዚያ ሮጠ። ሀቦባ በገበያ ቀን ሲመጡ ወንበር አንሰጣቸውም፤ ገብተው ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ፣ እሱም እየተንደረደረ ሲያልፍና ሲያገድም በዓይናቸው ይከተሉታል። እኔ ትምህርቴን ትቼ እናቴን ማገዝ የጀመርኩት በዚያ ጊዜ ነው።

ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር ሆና አዲሱን ባንዲራዋን በሰቀለችበት ዓመት ውላችን አለቀ፤ እናቴም አገሬ ልግባ አለች። ዛሬ ካሣሁን ከኔ ይረዝማል፤ ጁባን አያስታውሳትም፣ በእናቴ ጀርባ ማደጉን እንጂ ሌላ በማን ላይ እንዳደገ አያውቅም። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፤ ቱንቢውን ሌላ ሰው ይይዝለታል። በኋላ ጁባ ላይ የደረሰውን ጦርነት ሁላችንም ሰምተናል። የሚመለስ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ ማንጋቴን እጠይቃለሁ፤ ያንን ግቢ የሚያውቅ አላገኘሁም። ቤቱ ቆሞ ይሁን፣ እሳቸውም ይኑሩ አላውቅም። ዛሬ ሰው ቦታ ሲያገኝ የሚጠይቀው ስንት ካሬ እንደሆነ ነው። ማን እንዳለበት የሚጠይቅ አልሰማሁም። እናቴ ጠይቃ ነበር፣ ሆዷን ይዛ፣ ካፊያ ላይ ተቀምጣ።

የሄድን ቀን መኪናው በር ላይ ቆሞ ነበር። አባቴ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጣቸው። እናቴ አቅፋቸው ስታበቃ ቀድማ ወጣች። ሀቦባ ምንጣፋቸውን ወለሉ መሃል ዘርግተው ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ሊያድሩ ነው። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ያን ያህል ጊዜ የሰው ቃል ሳመላልስ ኖሬ የራሴን አንድ ቃል ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር። ፊቴን ወደ መሬት አድርጌ "ሀቦባ፣ ስንረግጠው፣ ስንሮጥበት ስንኖር… አላስከፋዎትም?" አልኳቸው።

አገጬን በጣታቸው ቀና አደረጉት።

"ቢኒያ፣ ዋኒ የመጨረሻዬ ነው፤ ታናሽ ወንድም አዝሎ አያውቅም ነበር። የእናንተን አዘለ። ለእናትሽ ንገሪያት።"